ሁለተኛው እይታ፦ ተመላልሰው የሚታዩ ፊልሞችና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ

መግቢያ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ፊልም መታየት ሲጀምር ሕዝቡ የማሳያውን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። ሰይጣኑ ከቤቱ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይሁን እንጂ በሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘንድ ለፊልም ያለው ጥርጣሬ ጨርሶ ጠፍቷል ብሎ ለመናገር አያስደፍርም። አንድን ልብ ወለድ ሦስት ጊዜ ያነበበ ሰው ጠንቃቃ አንባቢ ይባላል። አንድን ፊልም ሦስት ጊዜ ያየ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሥራ እንደ ፈታ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ጥናት፣ የሁለተኛው ጊዜ ማሳለፊያ ነው ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልዩነት መሠረት የሌለው መሆኑን ማስረዳት ነው። ለዚህም ደጋግሜ ካየኋቸውና ወደፊትም ከማያቸው ፊልሞች መካከል አራቱን እመረምራለሁ፤ ድጋሚ ማየት በእያንዳንዳቸው ላይ ምን እንደሚጨምር ለማሳየትም እሞክራለሁ። ጽሑፉ የግል ምክንያትም አለው። በተማሪነቴ ዘመን ከፊልሞቹ ስለ አንዱ በጓደኞቼ ፊት የሰጠሁት ፍርድ ትክክል አልነበረም። ያን ጊዜ ተጨብጭቦልኛልና እርማቱም በአደባባይ መሆን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የፊልሞቹ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እጠይቃለሁ።

ድጋሚ ማንበብና ድጋሚ ማየት

በመጽሐፍና በፊልም መካከል ካሉት ልዩነቶች አንዱ የጊዜ ባለቤትነት ነው። አንባቢ ሲፈልግ ያቆማል፣ ገጽ ይመልሳል፣ ያልገባውን ዐረፍተ ነገር ደግሞ ያነባል። በሲኒማ አዳራሽ የተቀመጠ ተመልካች ግን ይህ መብት የለውም። ፊልሙ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ተመልካቹም እየተጎተተ ይከተለዋል። በመሆኑም በመጀመሪያው እይታ የተመልካቹን አእምሮ የሚይዘው «ቀጥሎስ?» የሚለው ጥያቄ ነው። በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን ልብ ሰቀላ የምንለው ነገር ተመልካቹን ከወንበሩ ጋር ያስረዋል፤ ሌላውን ነገር እንዳያይም ይጋርደዋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ በመጀመሪያ እይታ የምናገኘው በአብዛኛው ታሪኩን መሆኑን ነው። ትልሙን፣ ማለትም ድርጊቶቹ በምን ምክንያት እንዲህ እንደ ተደረደሩና እንደ ተያያዙ የምናየው በሁለተኛው ነው። ስለ ንግር ብናስብ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ ነገር ንግር መሆኑ የሚታወቀው የተነገረለት ድርጊት ከተፈጸመ በኋላ ነው። እንግዲህ ፊልምን አንድ ጊዜ ብቻ ያየ ሰው ንግርን ሰምቶት ይሆናል እንጂ ንግርነቱን አላወቀም ማለት ነው። መጽሐፍ ሲሆን ገጽ መልሶ ያረጋግጣል። ፊልም ሲሆን ግን ድጋሚ ከማየት በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ይህ ለባህላችን እንግዳ ነገር አይደለም። ማታ ማታ ተረት የሚነገረው ልጅ ብዙውን ጊዜ አዲስ ተረት አይጠይቅም፤ የሚያውቀውን እንዲደገምለት ነው የሚለምነው። ተራኪዋ አንዲት ነገር ብትዘል «እሱን ዘለልሽ!» ብሎ ያርማታል። ፍጻሜውን ያውቀዋል፤ የሚጠብቀው አካሄዱን ነው። ይህ ልጅ ምንም ሳይማር ታሪክንና ትልምን ለይቷል።

ፍጻሜው ከታወቀ በኋላ የሚቀረው

የመጀመሪያው ምሳሌዬ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 የሠራው «የብስክሌት ሌቦች» ነው። ታሪኩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ከጦርነቱ በኋላ በሮም ከተማ ሥራ አጥቶ የኖረ አንቶኒዮ የሚባል ሰው ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ብስክሌት በመጀመሪያው ቀን ይሰረቅበታል፤ ከትንሹ ልጁ ከብሩኖ ጋር ከተማውን ሲያስስ ይውላል። አንቶኒዮን ሆኖ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ በሙያው የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም።

ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ሙሉ ሐሳቤ ብስክሌቱ ይገኛል ወይስ አይገኝም በሚለው ላይ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ታዲያ ምን ቀረኝ? የቀረኝ ብዙ ነው። ባልና ሚስቱ ብስክሌቱን ከመያዣ ለማስለቀቅ የአልጋ አንሶላቸውን ወስደው ያስይዛሉ። ሠራተኛው አንሶላቸውን ተሸክሞ ወደ መደርደሪያው ሲሄድ ካሜራው ይከተለዋል። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ድረስ በሌሎች ሰዎች አንሶላ ተሞልቷል፤ ሰውየው የነሱን ከላይ ለማስቀመጥ ሽቅብ ይወጣል። በመጀመሪያው እይታ ይህን አላየሁትም ማለት ይቻላል፤ ዐይኔ ቀድሞ ብስክሌቱን ይጠብቅ ነበርና። በሁለተኛው ጊዜ ግን የአንድ ቤተሰብ ታሪክ መስሎኝ የነበረው የከተማ ታሪክ መሆኑ ታየኝ። አንድም ቃል አልተነገረም፤ ጭብጡ ግን በዚያ መደርደሪያ ላይ ተጽፏል።

ሌላም አለ። ፊልሙ ሲጀምር የአንቶኒዮ ሚስት ማሪያ ወደ አንዲት ጠንቋይ ትሄዳለች፤ እሱ ይነቅፋታል፣ ያሾፍባታልም። ኋላ ተስፋ ሲቆርጥ እሱ ራሱ ልጁን ይዞ ወደዚያችው ጠንቋይ ይሄዳል። ፍጻሜውን ለሚያውቅ ተመልካች የመጀመሪያው ሹፈት ምጸት ይሆናል። ብስክሌቱ ላይ የተጻፈው የፋብሪካ ስም በላቲን ቋንቋ «እምነት» ማለት መሆኑም እንዲሁ በመጀመሪያ እይታ የሚታለፍ ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ርእሱን እንመልከት። በጣሊያንኛ ርእሱ በብዙ ቁጥር ነው፦ ሌቦች እንጂ ሌባ አይልም። ፊልሙ በአሜሪካ ሲታይ በእንግሊዝኛ የተሰጠው ርእስ ግን በነጠላ ቁጥር ነበር። ፊልሙን አንድ ጊዜ ላየ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። መጨረሻ ላይ አንቶኒዮ ራሱ በስታዲዮም አካባቢ የቆመ ብስክሌት ሰርቆ እንደሚያዝና ልጁ ቆሞ እንደሚያይ ለሚያውቅ ሰው ግን አንዲቷ የብዙ ቁጥር ምልክት ፊልሙን ሁሉ ትሸከማለች። ባለ ብስክሌቱ የብሩኖን ፊት አይቶ አባቱን ይለቀዋል። ልጁም የአባቱን እጅ ይይዛል፤ ሁለቱም ሕዝብ ውስጥ ይጠፋሉ። እንዲህ ያለ ርእስ ሲተረጎም ቁጥሩን መለወጥ ትርጓሜውን መለወጥ መሆኑን ለትርጉም ተማሪዎች ደጋግሜ የምጠቅሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ተራኪው ሲፈተሽ

ሁለተኛው ምሳሌዬ የጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ «ራሾሞን» ነው። በ1950 ተሠርቶ በ1951 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት ወርቃማ አንበሳን አግኝቷል። መነሻው አኩታጋዋ ሪዩኖሱኬ የጻፋቸው ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ናቸው። በጫካ ውስጥ አንድ ሳሙራይ ሞቶ ይገኛል። ሽፍታው፣ የሟቹ ሚስት፣ በጠንቋይ አንደበት የሚናገረው ሟቹ ራሱና እንጨት ቆራጩ የየራሳቸውን ታሪክ ይናገራሉ፤ አንዱ ከሌላው አይገጥምም።

ፊልሙ ብዙውን ጊዜ «እውነት እንደ ተናጋሪው ነው» ለሚለው አባባል ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። እኔም በመጀመሪያው እይታ ይህን ብቻ ይዤ ወጥቼ ነበር። በሁለተኛው ግን ዐይኔ ያረፈው በሌላ ነገር ላይ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ዝናብ በሚዘንብበት የተሰበረ በር ሥር ሦስት ሰዎች ተጠልለዋል። እንጨት ቆራጩ የሆነው ነገር ሊገባው እንዳልቻለ ደጋግሞ ይናገራል። በመጀመሪያ ስንሰማው ግራ የገባው ቅን ሰው ይመስለናል። ኋላ ግን የጠፋውን ውድ ጩቤ የወሰደው እሱ ሳይሆን እንደማይቀር ይገለጥበታል። ከዚህ በኋላ የመክፈቻውን ንግግር ስንሰማው ግራ መጋባት ብቻ ሆኖ አናገኘውም፤ የኅሊና ጸጸትም ይሰማበታል። ቃላቱ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ስለ ተናጋሪው ያለን ዕውቀት ነው።

ሌላው ቁም ነገር ዳኛው ነው። ምስክሮቹ ሁሉ ወደ እኛ ዞረው ይናገራሉ፤ የዳኛው ፊት አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም። በዳኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው ተመልካቹ ነው ማለት ነው። በመጀመሪያው እይታ ዳኝነታችንን ሳናውቀው እንፈርዳለን። በሁለተኛው ዳኛ መሆናችንን አውቀን ስለምንቀመጥ ፍርዳችን ይዘገያል። ሁሉን አወቅ ተራኪንና የማይታመን ተራኪን በትርጓሜ ብቻ ከማጥናት ይልቅ ይህን የ88 ደቂቃ ፊልም ሁለት ጊዜ ማየት ለተማሪ የበለጠ ይጠቅማል የሚል እምነት አለኝ። መጨረሻ ላይ እንጨት ቆራጩ ስድስት ልጆች እያሉት ተጥሎ የተገኘውን ሕፃን ሊያሳድግ ይወስዳል። ይህ ሰው ሌባ ነውን? ወይስ ቸር? ስለ ራሾሞን መከራከር ያለብን በዚህ ላይ ይመስለኛል።

ተመልካቹ ሲለወጥ

እስካሁን የጠቀስኋቸው ሁለት ፊልሞች ድጋሚ ሲታዩ በውስጣቸው የነበረውን ይገልጣሉ። ሦስተኛው ምሳሌ ከዚህ ይለያል፤ የኔም ስሕተት ያለው በዚህ ላይ ነው።

የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1974፣ ሥርዓቱ በሚናጋበት ወቅት፣ በአጭር ጊዜ በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ በ1976 ለዕይታ የበቃ ፊልም ነው። አብዛኞቹ ተዋንያን በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። በአንድ ባለርስት መሬት ላይ የሚያርስ ቤተሰብ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚያዝ ባለርስት፣ መሬቱን ተነጥቆ እንደ እብድ የሚቆጠረው ከበበ ዋና ገጸባሕርያቱ ናቸው። ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ማረስ፣ መኮትኮት፣ ከብት ማገድ፣ መሄድ፣ መመለስ ብዙውን ጊዜውን ይወስዳሉ።

በተማሪነቴ በአንድ የውይይት ክፍለ ጊዜ ስለዚህ ፊልም እንድናገር ተመደብሁ። ፊልሙን በቪዲዮ አንድ ጊዜ አየሁት። ከዚያም «መልእክቱ ጠንካራ፣ ትልሙ ልል፣ ርዝመቱ ያለ ምክንያት» ብዬ ፈረድሁበት። አንድ ሰው አንድን ማሳ ሲያርስ ለማሳየት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል አልሁ። ሰዎች ሳቁ፤ ጓደኞቼም አጨበጨቡልኝ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልተመለስሁበትም።

የተመለስሁበት በአጋጣሚ ነው። አባቴ ለሕክምና ወደ ከተማ መጥተው እኔ ዘንድ በከረሙ ጊዜ፣ አንድ ማታ ስለ ገጠር የተሠራ ፊልም እንዳለኝ ነገርኋቸው። አባቴ የገጠር መሬት የመንግሥት መሆኑ እስከ ታወጀበት እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. ድረስ የሰው መሬት እያረሱ የኖሩ ጭሰኛ ነበሩ። ስለዚያ ዘመን እምብዛም አያወሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ፊልሙን አስጀምሬ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሄደ ሰልችቷቸው ይሆናል ብዬ፣ «አባባ፣ ትንሽ ይረዝማል፤ ልዝለልልዎት?» አልኋቸው። እሳቸውም ዐይናቸውን ሳይነቅሉ፣

«ምኑ ረዘመ? ፀሐይዋ ገና አልገባች!» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እኔ ፊልሙን አላየሁም ማለት እችላለሁ፤ ያየሁት አባቴን ነው። ልጅቱ በሕልሟ ቤተሰቧ እንደ በሬ ተጠምዶ ሲያርስ ወደምታይበት ቦታ ሲደርስ አባቴ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ትንሽ ቆይተው «እንዲያ ነበር» አሉ። ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። እኔ ክፍል ውስጥ ይህን ሕልም «የተጋነነ ተምሳሌት» ብዬው ነበር።

በማግሥቱ ፊልሙን ብቻዬን ደግሜ አየሁት። ስሕተቴ ምን ላይ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የፊልሙን ጊዜ የለካሁት በከተማ ሰዓት ነበር። ፊልሙ ግን ጊዜ የሚለካው በገባሩ ቀን ነው፤ ለባለርስቱ የሚውለው ቀን ስለማያልቅ ፊልሙም ቶሎ አያልቅም። ርዝመቱ የትልሙ ጉድለት መስሎኝ ነበር፤ የጭብጡ አካል ሆኖ አገኘሁት። ርእሱ ራሱ ሦስት ሺህ ዓመት እያለ፣ እኔ ለእርሻው ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው ማለቴ ነበር። በዚህ ላይ የጭሰኛ ልጅ ሆኜ፣ ያሰለቸኝ የአባቴ ዕድሜ መሆኑን አለማወቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በዚህ ፊልም ላይ በሁለቱ እይታዎች መካከል የተለወጠው ፊልሙ አይደለም፤ በማርቲን ስኮርሴዚ የተመሠረተው የዓለም ሲኒማ ፋውንዴሽን ያስጠገነው ቅጂ ምስሉን ያጠራዋል እንጂ ፍሬ ነገሩን አይለውጠውም። የተለወጥሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ድጋሚ ማየት የፊልሙን ብቻ ሳይሆን የሃያሲውንም ዕድገት የሚለካ መሣሪያ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

መዝናኛነትን በሚመለከት

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ብዙ ሰው ፊልም ደግሞ የሚያየው ለመመራመር ሳይሆን ለመዝናናት ነው፤ ታዲያ መዝናናትን ወደ ፈተና ለምን እንለውጠዋለን? ይህን ጥያቄ አንድ ተማሪዬ በክፍል ውስጥ አንሥታልኛለች። ደክሟት ስትገባ የምታውቀውን አስቂኝ ፊልም ከፍታ እንደምታይ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቋም እንደሚያሳርፋት ነገረችን። መልሷ ትክክል ነው። የታወቀ ታሪክ እንደ ቆየ ወዳጅ ያሳርፋል፤ በዚህ የሚያፍር ሰው ሊኖር አይገባም።

ሆኖም መዝናኛና ጥበብ የተለያዩ ሁለት መንደሮች ናቸው የሚለውን አልቀበልም። ለዚህ ማስረጃዬ የቻርሊ ቻፕሊን «የከተማ ብርሃናት» ነው። በ1931፣ ድምፅ ያለው ፊልም ሆሊውድን በያዘበት ጊዜ፣ ቻፕሊን ያለ ንግግር የሠራው ነው። ዐይነ ስውሯ አበባ ሻጭ የመኪና በር ሲዘጋ ሰምታ ቡትቷም ለባሹን ሰው ሀብታም ነው ብላ ታስበዋለች። በቦክስ ግጥሚያው ላይ የሚሳቀው ሳቅ በአሥረኛው እይታም አይቀንስም። መጨረሻ ላይ ዐይኗ በርቶላት ስታየው መጀመሪያ ትስቅበታለች፤ እጁን ስትነካ ግን ታውቀዋለች። ፍጻሜውን የምናውቅ ተመልካቾች በመጀመሪያው ግንኙነታቸው ላይ ስንስቅ እንኳ ሳቃችን ውስጥ ሐዘን ይገባል። ሊያስቀን የተሠራ ፊልም ነው፤ ከብዙ ቁም ነገረኛ ድራማም ጠልቆ ይገባል።

በአንጻሩ ድጋሚ ሲታይ የሚወድቅ ሥራ አለ። መላ ኃይሉ በምስጢር ላይ ብቻ የተመሠረተ ፊልም፣ ምስጢሩ ከታወቀ በኋላ እንደ ተፈታ እንቆቅልሽ ይሆናል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በአማርኛ ድምፅ እየቀረቡ በየቤቱ በጣም የተወደዱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎች አሉ። በነሱ ላይ ያለኝ አስተያየትም ከዚህ የሚነሣ ነው። ብዙዎቹ እያንዳንዱን ክፍል በልብ ሰቀላ ይዘጋሉ፤ ተመልካቹን ለነገ ያስቀጥሩታል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በየሳምንቱ በጋዜጣ እየተከፋፈሉ የወጡ ታላላቅ ልብ ወለዶችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ጥያቄው ልብ ሰቀላው ሲወርድ ምን ይቀራል የሚለው ነው። ገጸባሕርይ ከቀረ ሥራው ይኖራል። ምንም ካልቀረ ጊዜያችንን ተቀብሎ ሄዷል።

ለተማሪዎች የሚሆን አካሄድ

ከላይ የተባለውን በሥራ ላይ ለማዋል የሚከተለውን አሠራር በክፍሌ ውስጥ ሞክሬዋለሁ። በመጀመሪያው እይታ ምንም ማስታወሻ አይያዝም፤ ተመልካቹ እንደ ማንኛውም ሰው ይስቃል፣ ይደነግጣል። ወዲያው ፍርዱን በአንድ አንቀጽ ይጽፋል፤ ይህን አንቀጽ አይቀድም፣ አይሰርዝም። በሁለተኛው እይታ ፍጻሜውን ይዞ መክፈቻውን ይመረምራል፦ የትኛው ንግር ነበር? ካሜራው ዝም ብሎ የቆየው በምን ላይ ነው? ከዚያም የመጀመሪያውን አንቀጽ አውጥቶ ከሁለተኛው ጋር ያስተያያል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥናቱ መነሻ ይሆናል።

ለልምምድ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እመርጣለሁ። በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን አግኝቷል። አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ ከእናቱ ቤት ይገባል፤ አንድ እግሩን አጥቷል፣ ትዝታውም ተቆራርጧል። ፊልሙ በምልሰት ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚመላለስ በመጀመሪያ እይታ ብዙ ተማሪዎች ይደናገራሉ። በሁለተኛው መደናገሩ የአንበርብር መሆኑን፣ እኛም እንድንካፈለው የተሰጠን መሆኑን ይረዳሉ።

ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ድጋሚ ማየት ሦስት ነገሮችን እንደሚሰጥ ለማሳየት ሞክሬያለሁ። አንደኛ፣ ከልብ ሰቀላ አላቅቆ ትልምን ያሳያል። ሁለተኛ፣ ተራኪውን መልሰን እንድንፈትሽ ያስችላል። ሦስተኛ፣ የራሳችንን ፍርድ መልሶ ለኛው ያቀርብልናል። የመጨረሻው ከሁሉም የሚከብድ ነው፤ ሃያሲ የጸሐፊን ስሕተት ለመጻፍ እንጂ የራሱን ለመጻፍ ብዙ አይለመድምና።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለው አንባቢ መልሱን ከመጻፉ በፊት፣ ቀደም ሲል አይቶ የናቀውን አንድ ፊልም መርጦ እንደ ገና እንዲያየው እለምነዋለሁ። ከተቻለው ብቻውን ባያየው መልካም ነው፤ ታሪኩ የሚመለከተው ሰው በቤቱ ካለ አጠገቡ ያስቀምጠው። እኔ አባቴን ስለዚያ ዘመን መጠየቅ የጀመርሁት ከዚያች ማታ በኋላ ነበር።